ሙሴ ፓንፓን በከዚራ

በድሬዳዋ ፈረንሳይኛ የመጽሐፍ ቋንቋ ከመሆኑ በፊት የብረትና የቅባት ቋንቋ ነበር። አባቴ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሲሠራ የለመደው ፈረንሳይኛ የመሣሪያዎችንና የሎኮሞቲቭ ክፍሎችን ስም፣ ለአለቃ የሚቀርብ ሰላምታና ሁለት ሦስት ስድብ ብቻ የያዘ ነበር፤ አለቆቹን ደግሞ፣ ፈረንጅም ይሁኑ ሐበሻ፣ ሁሉንም «ሙሴ» (ከፈረንሳይኛው «ሙስዩ»፣ «አቶ» እንደ ማለት) ይላቸው ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እኛ ዘንድ ስለ ደረሰ፣ ከተማችንም በዚያው ጣቢያ ዙሪያ ስለ ተወለደች፣ የጣቢያው የፈረንሳይኛ ስም ተለሳልሶ «ለገሃሬ» የሚባል የሰፈር ስም ሆነ፤ ዛሬ በባጃጅ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈረንሳይኛ እየተናገረ መሆኑን አያውቀውም።

እኔ ወደዚህ ቋንቋ የገባሁት በሌላ በር፣ ይህ ጽሑፍ ስለ እሷ በሚያወራላት በአንዲት ፈረንሳዊት የልጆች ደራሲ መጽሐፍ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከቀትር በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ አልያንስ ወደሚባለው የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከል ቤተ መጻሕፍት እሄድ የነበረው ለንባብ ፍቅር ብዬ ሳይሆን እዚያ ጥላና ቬንትሌተር ስለ ነበረ ነው። ከዕለታት በአንዱ ከመደርደሪያው ያነሣሁት ሥዕል ያለበት ስስ መጽሐፍ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሆላንድኛ ያለ ድካም» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንድ አባት ልጅ የውጭ ቋንቋ የሚማረው ከውጭ አገር ልጆች ጋር ሲጫወት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ቤተሰቡን ይዞ ጀርመን አገር ድንኳን ተክሎ ያርፋል። ልጁ ግን በዕረፍት ጊዜው ሰዋስው ማጥናት አልፈለገምና፣ እዚያ ላገኘው የሌላ አገር ልጅ በዓለም ላይ የሌለ ቋንቋ ከራሱ ፈጥሮ እንደ ፈረንሳይኛ ያስተምረዋል። ወላጆቹ ሁለቱ ልጆች ሲንጫጩ ሰምተው ልጃችን ሆላንድኛ ቻለ ብለው ይኮራሉ። ሁለቱ ልጆችም በዚያ በሐሰተኛው ቋንቋ በእርግጥ ይግባባሉ።

ይህን ሳነብ የሳቅሁት ታሪኩ የእኛን ግቢ ታሪክ ስለ መሰለኝ ነው። በግቢያችን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ የሐረሪዎች ጌይ ሲናን፣ ከዚያም የአንዲት የመናዊት አሮጊት ዐረብኛ በአንድ የውኃ ቧንቧ ዙሪያ ይገናኙ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ከአንዱ ግሥ፣ ከሌላው ስም፣ ከሦስተኛው ስድብ ወስደን የምንጫወትበት ንግግር ደግሞ ለየትኛውም ወላጅ ሙሉ በሙሉ የሚገባው አልነበረም። አንዲት ፈረንሳዊት ሴት ይህን ከየት ሰማች ብዬ የሽፋኑን ስም ያነበብሁት ያን ጊዜ ነው፤ ማሪ-ኦድ ሙራይ ይላል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1989 ታትሞ በተከታዩ ዓመት ሶርሲዬር የሚባለውን የፈረንሳይ የልጆች መጻሕፍት ሽልማት ማግኘቱን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳውቅ። ሙራይ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት፣ መቶ ገደማ መጽሐፍ የጻፈች፣ በአገሯ የክብር ሌጂዎን ኒሻን የተሸለመች ሰው ስለሆነች፣ በአዲስ አበባ ወግ «እርሳቸው» ልላት በተገባኝ ነበር። ነገር ግን እኛ ድሬዎችና ሐረሮች ታላቁንም ታናሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» የምንል ሕዝብ ነን፤ የመሀል አገር እንግዳ መጀመሪያ ይደነግጥበታል፣ ከሳምንት በኋላ ይለምደዋል፣ ከወር በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ይናፍቀዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «እሷ» እላታለሁ፤ ምክንያቱ ልማድ ብቻ አለመሆኑ ደግሞ ወደ ታች ይታያል።

ሙራይ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1954 ለ ሃቭር በምትባለው የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ዤራር ሙራይ ገጣሚ፣ እናቷ ጋዜጠኛ ነበሩ። ታላቅ ወንድሟ ትሪስታን ሙራይ በዘመናዊ ሙዚቃ ድርሰት ስሙ የታወቀ ሰው ነው፤ ሌላው ወንድሟ ሎሪስ ደራሲ ነበር፤ እኅቷ ኤልቪርም «ሞካ» በሚል የብዕር ስም ለልጆችና ለወጣቶች ትጽፋለች። ከአንድ ማዕድ ይህን ያህል ሰው ሲነሣ ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደ ነበር ለመገመት አያስቸግርም፤ እሷም ራሷ በ2018 ባሳተመችው የቤተሰብ ታሪክ ውስጥ የወላጆቿንና የአያቶቿን የድሮ ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች እየገለጠች ወደዚያ ቤት ተመልሳለች።

በሶርቦን ሥነ ጽሑፍ ተምራ የዶክትሬት ጥናቷን ያቀረበችው በ1979 ሲሆን፣ ጉዳዩም ለዐዋቂ የተጻፉ ታላላቅ ልብ ወለዶች ለልጆች ሲባል እንዴትና ለምን እንደሚያጥሩ የሚመረምር ነበር። ስለ ሥራዋ የጻፉ ሰዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔ ግን የኋላ ሥራዋ ሁሉ ቁልፍ ይመስለኛል። አንድን መጽሐፍ ለልጅ ተብሎ ሲቆራረጥ ዓመታት ያየ ሰው፣ የተቆረጠው ምን እንደ ነበር ያውቃል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ደግሞ ሞት፣ ገንዘብ፣ ፍቅርና ቀልድ ነው። ሙራይ በኋላ ለወጣቶች የጻፈችባቸው ነገሮች እነዚህኑ አራቱን መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ወደ ወጣቶች ግን በቀጥታ አልመጣችም። መጀመሪያ ለሴቶች መጽሔቶች ብዙ አጫጭር ልብ ወለዶች ጻፈች፤ ከዚያም በ1985 እና በ1986 ሁለት የዐዋቂ ልብ ወለዶች በስዊዘርላንድ ታተሙላት። የመጽሔት ሥራ ትልቅ ትምህርት ቤት እንደሆነ ማንም የሞከረ ያውቃል፦ አንባቢዋ ፀጉሯን እያሠራች ወይም ወጥ እየጠበቀች ስለሆነ፣ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ካልያዝሃት ገጹን ትገልጠዋለች። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ለልጆች መጻፍ ጀመረች፤ ሌኮል ዴ ሉዋዚር ከሚባለው፣ በ1965 ከተመሠረተው የልጆችና የወጣቶች መጻሕፍት አሳታሚ ጋርም የረጅም ዘመን ትስስር ፈጠረች። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ2003፣ ስለ ሙያዋ ባሳተመችው መጽሐፍ ርእስ ላይ ሁለት ጥያቄ አስቀመጠች፤ የልጆችና የወጣቶች ደራሲ እንዴት ሆንሁ? ለምንስ ሆኜ ቀረሁ? እኔን የሚማርከኝ ሁለተኛው ነው። በእኛም አገር ለልጅ መጻፍ ወደ «ቁም ነገሩ» ከመሸጋገር በፊት የሚወጣበት ደረጃ ተደርጎ ስለሚታይ፣ እዚያው ደረጃ ላይ ወንበር ዘርግቶ አርባ ዓመት የተቀመጠ ሰው ምን አይቶ ነው ያሰኛል።

መልሱ መታየት የሚጀምረው ኤሚልያን ከሚባለው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይመስለኛል። በ1989 በወጣው የመጀመሪያው ቅጽ ይህ ከእናቱ ጋር ብቻውን የሚኖር ልጅ ገንዘብ ለማግኘት የሰው ሕፃን መጠበቅ ይጀምራል፤ ታሪኩን የሚነግረንም ራሱ ነው፤ ሌሎች ቅጾችም ተከተሉ። ሙራይ የልጁን አንደበት እንጂ የአስተማሪን አንደበት አልተዋሰችም። ልጁ ይዋሻል፣ ያፍራል፣ ያፈቅራል፣ ከሁሉ በላይ በራሱ ይስቃል፤ ከበስተጀርባው ቆሞ «ልጆች ሆይ፣ ከዚህ የምንማረው…» የሚል ሰው የለም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ በአማርኛ የማገኘው ወይ «በድሮ ጊዜ አንዲት ጦጣ» የሚል ተረት ወይም ከታላቅ እኅቴ ትራስ ሥር የምሰርቀው የዐዋቂ ልብ ወለድ ነበር፤ በመካከሉ ያለው ሜዳ ባዶ ነበር። ዛሬም የሞላ አይመስለኝም።

ስሟን በሰፊው ያስጠራው መጽሐፍ በ2000 የወጣው «ኦ ቦይ!» ነው። ሦስት ወንድምና እኅቶች፣ የአሥራ አራት ዓመቱ ሲሜዮን፣ የስምንት ዓመቷ ሞርጋንና የአምስት ዓመቷ ቬኒዝ፣ አባታቸው ጥሏቸው ጠፍቶ፣ እናታቸውም መርዝ ጠጥታ ሞታ፣ በአንድ ቀን የመንግሥት ልጆች ይሆናሉ። እንዳንለያይ ብለው ይማማላሉ። ዳኛዋ (ቸኮሌት ካልበላች ሐሳቧ የማይሰበሰብላት ሴት ናት) ዘመድ ስትፈልግ ሁለት የአባት ልጆች ታገኛለች፤ አንዷ ባለጸጋ የዓይን ሐኪም ትንሿን ብቻ ትፈልጋለች፤ ሌላው ባርቴሌሚ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ወንድ የሚያፈቅር፣ ሥራ የማይበረክትለት፣ በገዛ ራሱ ሕይወት ላይ እንኳ ኃላፊነት ለመውሰድ የሚፈራ ሰው ነው። በዚህ ላይ ሲሜዮን የደም ካንሰር ይገኝበታል።

ነገሩን እንዲህ ስዘረዝረው የመከራ ዝርዝር ይመስላል፤ መጽሐፉ ግን በየገጹ የሚያስቅ ነው። በፈረንሳይ ለልጆችና ለወጣቶች የሚታተም ነገር በሐምሌ 16 ቀን 1949 በወጣ ሕግ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ሕጉ የወጣቱን ሞራል ይጎዳል የተባለን ጽሑፍ ለመከልከል የተደነገገ ሲሆን፣ ደራሲዎች ምን ይነገራል፣ ምን ይታለፋል በሚለው ላይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ሙራይ በክርክሩ ውስጥ ያላት መልስ መጽሐፉ ራሱ ይመስለኛል። ሕፃናቱ ወላጅ በሞተበት ዓለም ውስጥ ቀድሞውኑ አሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው ይንገሯቸው ወይስ አይንገሯቸው ሳይሆን በምን ድምፅ ይነገራቸው የሚል ነው። እኛ ዘንድ ወላጅ የሞተበትን ልጅ አጎት ወይም አክስት ይወስደዋል እንጂ ዳኛ ዘንድ አይደረስም እንላለን፤ ይሁን እንጂ ሦስት ልጆች ለሦስት አክስቶች ሲከፋፈሉ፣ አንዱ ጭሮ፣ አንዱ ጅጅጋ፣ አንዱ ድሬ ሲቀሩ አይቻለሁ፤ ያንን ለቅሶ ቤት እያስታወስሁ ነው ይህን መጽሐፍ ደግሜ ያነበብሁት። ታሪኩ በ2008 የቴሌቪዥን ፊልም ሆኗል፤ በመድረክም ቀርቦ በ2010 ሞልዬር የተባለውን የፈረንሳይ የቴአትር ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ አግኝቷል። በአማርኛ ይታተም ቢባል ባርቴሌሚን ቆርጣችሁ አውጡልን የሚል አሳታሚ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ የሙራይን የ1979 ጥናት አብሮ ማሳተም ነው የሚያዋጣው።

እኔ ልተረጉመው የሞከርሁት ግን ሌላውን፣ በ2004 የወጣውን «ሳምፕል»ን ነው። ሳምፕል የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሲሆን አእምሮው የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። እናቱ ሞታለች፣ አባቱም በአንድ ተቋም አስቀምጦታል፤ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ክሌቤር ግን ከዚያ አውጥቶት ወደ ፓሪስ ይዞት ይመጣል፤ ክሌቤር በአንድ በኩል የመጨረሻውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እየተማረ፣ በሌላ በኩል ለታላቅ ወንድሙ አባት ሆኖ፣ ሁለቱም ከተማሪዎች ጋር በጋራ በተከራዩት ቤት ይኖራሉ። ሳምፕል የማይለየው አንድ ጓደኛ አለው፤ ከጨርቅ የተሠራ ጥንቸል ነው፣ ስሙም ሙስዩ ፓንፓን ይባላል።

አዲስ አበባ ያሳየሁት አንድ አሳታሚ «አቶ ፓንፓን» ይባል አለኝ። «አቶ» ጥሩ ቃል ነው፣ ነገር ግን ከጥንቸል ጋር ሲሆን የቀበሌ ስብሰባ ይመስላል። ቤት ገብቼ አባቴን ሳየው መልሱ ለስልሳ ዓመት በአፉ ውስጥ እንደ ነበረ ታወሰኝ፦ «ሙሴ ፓንፓን»። ፈረንሳይኛው ቃል ራሱ በድሬ ባቡር ተሳፍሮ፣ በቅባት ተለውሶ፣ አማርኛ ሆኖ ቆይቶኛል። ሌላም ነገር ነበረ። ሳምፕል በሰዓትና በስልክ ውስጥ ትንንሽ ሰዎች ይኖራሉ ብሎ ስለሚያምን ሰዓት ይሰባብራል፤ እነዚያን ሰዎች የሚጠራቸውም «ሰውዬ» እንደ ማለት የሆነውን የፈረንሳይኛ ቃል በሕፃን አፍ አጣሞ ነው። ከሳምንት ሙከራ በኋላ «ተውዬ» አልሁት፤ የእኛ ሕፃናት «ሰ»ን «ተ» እያሉ እንደሚኮላተፉ።

ትልቁ ችግር «አንተ» እና «እርስዎ» ነበር። ፈረንሳይኛም እንደ አማርኛ ሁለቱን ይለያል፤ ተርጓሚ ዐይኑን ጨፍኖ አንዱን በአንዱ መተካት የሚችል ይመስለዋል። አሳታሚው የላከልኝ የእርማት ቅጂ ላይ ሳምፕል ሽማግሌውን ጎረቤት «እርስዎ» እንዲል ተደርጎ ነበር፤ አንባቢ ልጆች ሥርዓት እንዲማሩ በሚል። የሦስት ዓመት አእምሮ ያለው ሰው «እርስዎ» ካለማ፣ ሳምፕል አይደለም፤ የሙራይም ጥበብ ይሞታል። ሙራይ ጽሑፏን ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ አድርጋ የምትጽፍ ደራሲ ናት፤ ትረካዋ ከንግግር ብዙ አይርቅም፣ ዕድሜውም ደረጃውም የተለያየ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል ያወራል። ይህን የሚችል አማርኛ አለ፣ የሚነገረውም እኛ ጋ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ትርጉሙን ከአሳታሚው ወስጄ በድሬ አማርኛ እንደገና ጀመርሁት፤ ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው የቤት ትርጉም ስለሆነ የሚያነብበውም የእኅቴ ልጅ ብቻ ነው።

በሰፈራችን፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ልጅ ሆኜ የማውቀው አንድ ሰው ነበር፤ ዕድሜው ከአባቴ ብዙም የማያንስ፣ ልቡ ግን የሕፃን። ቁጥር አያውቅም፤ ሆኖም ያለፈ ያገደመውን ሁሉ፣ ሼኩንም ቄሱንም የባቡር አለቃውንም፣ «አንተ፣ ሰዓት ስንት ሆነ?» ይል ነበር፤ የተጠየቀውም ሁሉ ቆሞ ሰዓቱን አይቶ ይነግረው ነበር። እኅቱ ገበያም፣ ሠርግም፣ ለቅሶም ይዛው ትሄዳለች። እሷ ስትደክም ምን ትል እንደ ነበር፣ ሌሊት ምን እንደምታስብ፣ ማን አግብቷት ማን ትቷት እንደ ሄደ፣ እኔ በልጅነቴ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። «ሳምፕል» ክሌቤርን እንደ ቅዱስ አድርጎ አያቀርበውም፤ ልጁ ይሰለቻል፣ ይናደዳል፣ ሴት ልጅ ሊያፈቅር ሲያስብ ወንድሙ ያሳፍረዋል፣ ያሳፈረው መሆኑ ደግሞ ያሳፍረዋል። የሰፈራችንን ሴትዮ ያየኋት ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው ብል ማጋነን አይደለም። መጽሐፉ በጀርመን አገር በ2008 የአገሪቱን የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ የመረጠው የወጣት አንባቢዎች ዳኞች ቡድን ነበር፤ በ2017ም እዚያው ጀርመን ውስጥ ፊልም ተሠርቶበታል።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ሥራዎቿን እንደ ፍቅሬ መጠን ላልፋቸው። በ2005 ከኮት ዲቯር የመጣ ቤተሰብ ልጆች ስለሚማሩበት ሊዘጋ ስለተቃረበ ትምህርት ቤት ጻፈች፤ ወረቀት ስለሌላቸው ስደተኛ ተማሪዎች በአደባባይም ቆማለች። በአንድ አስተማሪ አጋዥነት ለአንደኛ ክፍል ልጆች የንባብ መማሪያ አዘጋጅታለች። የዲከንስ አፍቃሪ በመሆኗ የሕይወት ታሪኩን ጽፋለች። በ2008 የወጣው «ሚስ ቻሪቲ» ከቢያትሪክስ ፖተር ሕይወት የተነሣ፣ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ሲሆን፣ ብዙዎች ከሁሉ የሚያስበልጡት እሱን ነው። እኔ መቶኛው ገጽ አካባቢ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የድሬ ሙቀትና የእንግሊዝ ጭጋግ አልተስማሙልኝም።

ከ2016 ጀምሮ በየቅጹ ያወጣችው «ሶቨር ኤ ፊስ» («ሶቨርና ልጁ») ግን ሌላ ነገር ነው። ሶቨር ከማርቲኒክ የመጣ፣ ረጅም ጥቁር ሰው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆን፣ ቤቱም የምክር ክፍሉም ሙራይ ራሷ በኖረችበት በኦርሌያን ከተማ ነው። ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ፣ ሰውነቷን የምትቆርጥ ልጅ፣ የተፋቱ ወላጆች ያሉት ልጅ በየተራ ይመጣሉ፤ የሶቨር የስምንት ዓመት ልጅ ላዛር ደግሞ ገርበብ ካለው በር በስተኋላ ተቀምጦ ሁሉንም ይሰማል። ይህ በር የሙራይ ሥራ ሁሉ የሚታይበት ቀዳዳ ይመስለኛል፤ ዐዋቂዎች ልጁ አልሰማም ብለው የሚያወሩትን ልጁ ሰምቶ ብቻውን ተሸክሞታል፣ እሷም የምትጽፈው ለዚያ ለሰማው ልጅ ነው።

በ2022 የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት ተሰጣት፤ በልጆች ሥነ ጽሑፍ ዓለም ከዚህ የሚበልጥ የለም። ከእሷ በፊት ይህን ሽልማት በደራሲነት ያገኘ ፈረንሳዊ ሬኔ ጊዮ ብቻ ነበር፣ ያውም በ1964። ሐረር ለሚኖር አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው፣ እንደ ሐረር ሰው ሁሉ፣ ወሬውን ወዲያው ወደ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ወደ ራምቦ አዞረው። ራምቦ በ1880 ሐረር ሲደርስ ግን ግጥም መጻፍ ካቆመ ዓመታት አልፈውት ቡና ነጋዴ ሆኖ ነበር፤ በሃያ ዓመቱ ገደማ ጨርሶ የሄደ ሰው ነው። «አንተ፣ እሱ ከወጣትነት የሸሸ ነው፤ እኔ የማወራህ እዚያው ስለ ቀረችው ነው» ስለው፣ «እሷ ሙዚየም የላትማ» አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የእኅቴ ልጅ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ተቀምጦ የትርጉሜን አሥራ አንደኛ ምዕራፍ ለአያቱ ጮክ ብሎ ያነብለት ነበር። አባቴ ዐይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደኅና ነው። ሙሴ ፓንፓን የተባለው ጥንቸል መሆኑን እስኪረዳ ጥቂት ገጽ ፈጀበት፤ ከተረዳ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳቀ፣ ከዚያም የድሮ አለቆቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ የትኛው ጥንቸል ይመስል እንደ ነበር ይነግረው ጀመር። ልጁ አቋርጦት፣ «አንተ፣ ዝም በል እንጂ፣ ሊይዟቸው ነው!» አለው። አባቴም ዝም አለ፣ ልጁም ገጹን ገለጠ።